ዎልፍ ሌስላው

ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው (ኅዳር 5 ቀን 1899 – ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.) የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች በማጥናት የታወቁ፣ በፖላንድ የተወለዱ አይሁዳዊ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በሐረሪ፣ በአርጎብኛ፣ በጉራጌ ቋንቋዎችና ዛሬ በጠፋው የጋፋት ቋንቋ ላይ በርካታ መጻሕፍት ጽፈዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ፈረንሳይ ውስጥ ታስረው ነበር፤ በኋላ በአንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ድጋፍ ወደ አሜሪካ አመለጡ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሌስላው የተወለዱት በቼንስቶሆቫ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ክሼፒትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ10 ዓመታቸው ወላጆቻቸውን አጥተው በወንድማቸው እጅ አደጉ። በወጣትነታቸው በፖላንድ ጦር ውስጥ ላለማገልገል ዜግነታቸውን ትተው ወደ ቪየና ሄዱ። ይህ ውሳኔ በጊዜው ቀላል ቢመስልም፣ አገር አልባ ሆነው መቅረታቸው ከ10 ዓመት በኋላ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል ሆነ።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ እስከ 1931 ድረስ ሴማዊ ቋንቋዎችን ካጠኑ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻገሩ። እዚያ ያስተማሯቸው ማርሴል ኮኸን፣ ከጣሊያን ወረራ ብዙ ዓመታት በፊት ኢትዮጵያን ተዘዋውረው ያዩና በ1936 ስለ አማርኛ ሰዋስው ትልቅ መጽሐፍ ያሳተሙ ምሁር ናቸው። ኮኸንም አይሁዳዊ ነበሩ፤ በጀርመን ወረራ ዘመን በፈረንሳይ የአርበኝነት ትግል ውስጥ ተሳትፈዋል። ሌስላው በእሳቸው መሪነት ከዕብራይስጥ፣ ከአራማይክና ከአካድኛ ሌላ ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን ተማሩ። የመጀመሪያ መዝገበ ቃላታቸው ግን የየመን ደሴት በሆነችው በሶቆጥራ ቋንቋ ላይ ያተኮረው የ1938ቱ ሥራ ነው።

እስራትና ማምለጥ

ጦርነቱ በመስከረም 1939 እንደተጀመረ ፈረንሳይ በግዛቷ የሚኖሩ ብዙ የውጭ ሰዎችን ማሰር ጀመረች። ከሂትለር የሸሹ አይሁዶችም ሳይቀሩ እንደ ተጠርጣሪ ተቆጠሩ። ሌስላው በፈረንሳይ ፖሊስ ተይዘው በፒሬኔ ተራሮች አካባቢ ወደሚገኝ የማጎሪያ ካምፕ ተላኩ፤ የ1939ኙን ክረምት፣ የአውሮፓን ብርቱ ብርድ ማለት ነው፣ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር እዚያ አሳለፉ። በኋላ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሌ ሚል ካምፕ ተዛወሩ።

ሌ ሚል ቀድሞ የጡብና የሸክላ ክዳን ፋብሪካ ነበር። ሰዎች የሚተኙት ጡብ በሚደርቅበት አዳራሽ፣ በአቧራ መካከል ነበር። ሠዓሊው ማክስ ኤርንስትና ደራሲው ሊዮን ፎይክትቫንገር ከታሳሪዎቹ መካከል ይገኙበታል። ፈረንሳይ በሰኔ 1940 ከተሸነፈች በኋላ ሰሜኑ በጀርመን ጦር ሲያዝ፣ ካምፑ ያለበት ደቡብ በቪሺ መንግሥት እጅ ቀረ። ሌ ሚልም ከአገር ለመውጣት የሚጠባበቁ ሰዎች የሚቆዩበት ቦታ ሆነ። የብዙዎቹ ሚስቶችና ልጆች ደግሞ ማርሴይ ከተማ ውስጥ በሆቴሎች ተይዘው ይጠብቁ ነበር።

ለመውጣት የሚያስፈልገው የወረቀት ብዛት አሠራሩን ለማያውቅ ሰው አይታመንም። የመዳረሻ አገር ቪዛ፣ ከፈረንሳይ የመውጫ ፈቃድ፣ በስፔንና በፖርቱጋል የማለፊያ ቪዛ፣ የመርከብ ቲኬት፣ አሜሪካ ውስጥ ዋስ የሚሆን ሰው፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሟልተው መገኘት ነበረባቸው። አንዱ ሲገኝ የሌላው ጊዜ ያልፍበታል፣ ያኔ ልፋቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ፓስፖርት የሌለው አገር አልባ ሰው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ችግር ላይ ነበር። ማርሴይ ውስጥ የሠሩት የእርዳታ ድርጅቶች፣ የአይሁድም የክርስቲያኖችም፣ ዋና ሥራቸው ይኸው ነበር፦ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ቆንስላ ደጅ መጥናት፣ አንዳንዴም ከሕግ ውጭ ሰው በተራራ ማሻገር። በዚህ ረገድ ስሙ በብዛት የሚነሳው አሜሪካዊው ቫሪያን ፍራይ ነው፤ ከ1940 እስከ 1941 ባለው ጊዜ 2,000 ያህል ሰዎች እንዲያመልጡ ረድቷል።

ሌስላውና ቤተሰባቸው በእንዲህ ያለ ድጋፍ በ1942 አሜሪካ ደረሱ። ጊዜው የደረሰ ነበር። በነሐሴና በመስከረም 1942 ከሌ ሚል ብቻ 2,000 ያህል አይሁዶች በድራንሲ በኩል ወደ አውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ተጋዙ። የጀርመን ጦር ደቡብ ፈረንሳይን የያዘው በኅዳር ስለሆነ፣ ይህን የፈጸሙት የቪሺ ባለ ሥልጣናትና የፈረንሳይ ፖሊሶች ናቸው። የሌስላው የትግርኛ ሰዋስውና ጽሑፎች መጽሐፍ በ1941 ፓሪስ ታትሞ ነበር፤ ከተማዋ በጀርመን እጅ ባለችበት ዓመት።

በኢትዮጵያ

ኒው ዮርክ ውስጥ ከፈረንሳይና ከቤልጅየም የተሰደዱ ምሁራን ባቋቋሙት ከፍተኛ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ቆይተው፣ ከጦርነቱ በኋላ የጉገንሃይም የምርምር ድጎማ አግኝተው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አገሪቱ ከጣሊያን ነፃ ከወጣች ገና 5 ዓመት ገደማ ነበር።

ከጉዟቸው ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው የጋፋት ፍለጋ ነው። ጋፋት በዓባይ ዙሪያ በጎጃም ይነገር የነበረ፣ ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። (ስሙ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍን ካሠሩባት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ጋር አንድ ነው።) በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በዚህ ቋንቋ አስተርጉሞ ወስዶ ነበር። ሌስላው በ1945 ይህንኑ ጽሑፍ መሠረት አድርገው ኒው ዮርክ ሆነው ስለ ቋንቋው አንድ ጥናት አሳተሙ። ቋንቋው ሞቷል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ከዚያ በላይ ተስፋ አልነበረም። ይሁንና በ1947 ጎጃም ውስጥ ብዙ ካፈላለጉ በኋላ ጋፋትን የሚናገሩ 4 ሰዎች አገኙ። ሌላው ሕዝብ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች የሰበሰቡት ቃልና ሰዋስው በ1956 በፈረንሳይኛ በመጽሐፍ መልክ ወጣ፤ ቋንቋው ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ዛሬ ስለ ጋፋት የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ መነሳቱ ግድ ነው።

ስለ ቤተ እስራኤልም ሁለት መጻሕፍት አሏቸው። የመጀመሪያው፣ በ1951 የታተመው፣ «ትእዛዘ ሰንበት»ን ጨምሮ የማኅበረሰቡን የግዕዝ ጽሑፎች ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ነው። ሁለተኛው በ1957 በፈረንሳይኛ የወጣና ልማድና እምነታቸውን የሚገልጽ ነው።

የማስተማርና የመዝገበ ቃላት ሥራ

ከ1955 እስከ 1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ አስተማሩ። በ1965 በኢትዮጵያ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። የ1967ቱ የአማርኛ መማሪያና የ1976ቱ አጭር የአማርኛ መዝገበ ቃላት አማርኛ ለሚማሩ የውጭ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ዋና መሣሪያ ሆነዋል። መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ቃል በፊደልና በላቲን ስለሚያስቀምጥ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ያሳያል፤ ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ለአገሬው ተማሪም ይጠቅማል።

በ1979 የወጣው የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ በ3 ቅጽ የተዘጋጀ ነው። በ1987 የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት፣ በ1995 ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው የአማርኛ ሰዋስው ተከተሉ። የአርጎብኛ ጥናታቸው በ1997 ሲታተም 90 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያረፉት 100ኛ ዓመታቸውን በያዙ በ4ኛው ቀን ነው።