ትንባሆን ስለ መተውና ስለ ትምህርት

ሰው የሚጎዳውን ነገር ባወቀ ጊዜ ወዲያው ይተወዋል ማለት ዘወትር እውነት አይደለም። የተማረው ወገን ሲጋራን ቀድሞ ሲተው ትምህርት ያላገኘው ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የእንግሊዞችን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. በብሪታንያ ከመቶ ወንዶች 82ቱ ትንባሆ ያጤሱ ነበር። የድንጋይ ከሰል ቈፋሪውም ሆነ የዩኒቨርሲቲው መምህር ከዚህ ልማድ አልራቀም፤ የትንባሆ ጉዳት ገና በሰፊው አልታወቀም ነበርና ትምህርት በዚህ ረገድ ሰውን ከሰው እምብዛም አይለይም ነበር።

በ1950 ዓ.ም. ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሊቃውንት በለንደን ሆስፒታሎች የተኙትን ሕሙማን መርምረው የሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ጋራ የተያያዘ መሆኑን ገለጡ። ዶል ራሱ ሲጋራ ያጤስ ነበርና ምርመራው ሳይፈጸም ልማዱን ተወ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ሊቃውንት ለአገሩ ሐኪሞች ስለ ማጤሳቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ፤ ከ40,000 የሚበልጡትም መለሱ። ውጤቱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ እየታተመ ሲወጣ ብዙዎቹ ሐኪሞች ሲጋራቸውን ጣሉ። ከዓመታት በኋላም በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ሐኪሞች ሲቀንሱ በቀረው የአገሩ ወንድ መካከል ግን ሞቱ ይጨምር ነበር። በ1962 ዓ.ም. የለንደን የንጉሣዊ ሐኪሞች ኮሌጅ ነገሩን ለሕዝብ በይፋ ባስታወቀ ጊዜም ቀድሞ የሰማው መጽሐፍና ጋዜጣ የሚያነበው ክፍል ነበር፤ ልዩነቱም ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ።

እንግዲህ የተማረው ሰው በተፈጥሮው የጸና ፈቃድ አለውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። በአሜሪካ ኤቫርትስ ግራሃም የተባለው ሐኪም በ1933 ዓ.ም. የአንድን ካንሰር የያዘው ሰው ሳንባ በሙሉ አውጥቶ ያዳነ ስመ ጥር ቀዳጅ ነበር። እርሱም ብዙ ዘመን ሲያጤስ ኖሮ ማስረጃው ሲገለጥለት ተወ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበርና በ1957 ዓ.ም. በዚያው በሽታ ሞተ። ይህን ያህል የተማረ ሰው እንኳ እውነቱ በጊዜው ካልደረሰው ትምህርቱ አላዳነውም።

በኋለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የተደረገው ምርመራም፥ ሲጋራን ለመተው የሚሞክረው ድኻ ከባለጸጋው ያላነሰ መሆኑን፥ የሚሳካለት ግን ጥቂት መሆኑን አስረድቷል። ድኻው በኒኮቲን ይበልጥ የተያዘ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹና ጎረቤቶቹ ያጤሳሉ፤ የኑሮ ጭንቀትም ይመልሰዋል። የተማረው ሰው ግን ወዳጆቹ አስቀድመው ስለ ተዉት ከመካከላቸው ሆኖ መተው ይቀልለዋል። ይህ ስለ ታወቀ ነው በ1999 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ሲጋራ ለመተው ለሚፈልጉ የሚሰጠውን የሐኪም ርዳታ በመጀመሪያ በችግረኞች ሰፈር ያቋቋመው።

የእነዚያ ሐኪሞች ታሪክ 50 ዓመት ከተከታተሉት በኋላ በ2004 ዓ.ም. ታተመ። ሳያቋርጥ የሚያጤስ ሰው ከማያጤሰው ዐሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል፤ በ60 ዓመቱ የተወ 3 ዓመት፥ በ50 የተወ 6፥ በ40 የተወ 9፥ በ30 የተወ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። ይህን ትርፍ ዲፕሎማ አያስገኘውም፤ የሚያስገኘው መተው ነው። ስለዚህ ቀድሞ ያወቀ ሰው ባልንጀራውን ፈቃደ ደካማ ብሎ ከመንቀፍ ይልቅ፥ ለእርሱ መንገዱን ያቃለለለት ወሬና ርዳታ ለሌላውም በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ ይገባዋል።