የተቃጠለ ቆዳና ርብራቡ

በቃጠሎ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን ያስቸገረው እሳቱ ያደረሰው ጉዳት ብቻ አልነበረም። እሳት ወይም የፈላ ውሃ ቆዳን እስከ ውስጠኛው ንብርብር ድረስ ባወደመው ጊዜ፣ ሰውነት ጉዳቱን ለመቋቋም የሚያስነሣው ብግነት ራሱ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል። ብግነት ጀርሞችን ለመዋጋትና የሞተውን ሥጋ ለማጽዳት አስፈላጊ ነው። ከልክ አልፎ ሲራዘም ግን ቁስሉ እየተኮማተረ ይሽራል፤ አገጭ ከደረት፣ ጣትም ከመዳፍ ይጣበቃል። በአገራችን ማድቤት ውስጥ ምድጃ ላይ የሚወድቁ ሕፃናትና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይህን ጠባሳ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል።

ሕክምናው በመጀመሪያ ያተኮረው ቁስሉን በመሸፈን ላይ ነበር። የስዊስ ተወላጁ ዣክ ልዊ ሬቨርደን እ.ኤ.አ. በ1869 ፓሪስ ውስጥ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮችን በቁስል ላይ በመትከል ለቆዳ ንቅለ ተከላ መንገድ ከፈቱ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ የማሪቦር ከተማዋ ሐኪም ዞራ ያንዤኮቪች የሞተው ቆዳ በራሱ ጊዜ እስኪረግፍ ከመጠበቅ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተገፎ በሕያው ቆዳ ቢተካ እንደሚሻል አስረዱ። ብግነቱን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ሳይነሣ የሚቆየው የሞተ ሥጋ ነውና።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ገላው የተቃጠለ ሰው የሚተከል የራሱ ቆዳ ከየት ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉት የቦስተኑ ሐኪም ጆን በርክና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪው ዮአኒስ ያናስ ናቸው። ከከብት ጅማት የወጣ ኮላጅንን ከሻርክ ልም አጥንት ከተገኘ ንጥረ ነገር ጋር አዋህደው እንደ ስፖንጅ ያለ ባለ ብዙ ቀዳዳ ንጣፍ ሠሩ፤ በላዩም የሲሊኮን ሽፋን አለበሱት። በ10 ሕሙማን ላይ ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተሙ። ንጣፉም እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የገበያ ፈቃድ አገኘ።

የአሠራሩን ነገር በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በለቡ ወይም በጀሞ ሕንፃ ሲሠራ የተመለከተ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የባሕር ዛፉ ርብራብ ሠራተኛው የሚወጣበት፣ ግንቡ ሲቆም የሚፈርስ ነው። በኮላጅኑ ንጣፍም ውስጥ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ገብተው በሥርዓት ይሰፍራሉ፤ ንጣፉ የቁስሉን መኮማተር ይገታል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሊኮኑ ተነሥቶ ስስ የሆነ የራስ ቆዳ ይተከላል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ምርምሮች ደግሞ ርብራቡ ማክሮፌጅ የተባሉትን ሕዋሳት ብግነት ከማቀጣጠል ወደ መጠገን እንዲያዞር ለማድረግ ይጥራሉ።

ይህ ንጣፍ ውድ በመሆኑ ለብዙው ሕመምተኛ የማይደረስበት ነው። በአገራችን በቃጠሎ ሕክምና በሚታወቀው በየካቲት 12 ሆስፒታል እንደሚታየው ሁሉ፣ የሕክምናው መሠረት ቁስሉን ማጽዳትና የሕመምተኛውን የራሱን ቆዳ መትከል ነው። ጥሬ ዕቃው ግን ሩቅ አይደለም። ከጎፋ ሰፈር አጠገብ ያለው ቄራ ለረጅም ዘመናት የከተማዋ የከብት እርድ ማዕከል ሆኖ ኖሯል፤ ኢትዮጵያም በከብት ብዛት በአፍሪካ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች። ጅማቱን ወደ ንጹሕ ኮላጅን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ማጣሪያ፣ ማምከኛና ጥብቅ የጥራት ቁጥጥር ነው። ለዚህም ሐኪሙ፣ ኬሚስቱና የእንስሳት ሐኪሙ፣ በርክና ያናስ እንዳደረጉት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።