ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እሳት

ፒትስበርግ የሚኖር ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ በጥቁር ፍሬም የተሰቀለ አሮጌ ካርድ አለ። ሁለት መንታ የሚመስሉ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈውበታል፦ የአረብ ብረት ፋብሪካ፣ ነጭ ሆኖ የወጣ እሳት፣ ከፊቱ አንድ ሠራተኛ። «ለቤቱ ድምቀት ነው» አለኝ። ያምራል፣ አልዋሽም።

ግን ካርዱ ለግድግዳ አልተሠራም። ፎቶዎቹ እንደ ሁለቱ ዓይኖቻችን ትንሽ ተራርቀው የተነሱ ናቸው፤ በስቴሪዮስኮፕ ሲታዩ አንድ ይሆኑና ጥልቀት ያወጣሉ። ሐኪሙና ደራሲው ኦሊቨር ዌንዴል ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1861 በእጅ የሚያዝ ቀለል ያለ ዓይነት ከሠራ ወዲህ መሣሪያው ያልገባበት የአሜሪካ ሳሎን ጥቂት ነው። የዘመኑ ቲቪ በሉት።

እንዲህ ዓይነት ካርዶችን ያሳትም የነበረው የፔንሲልቬንያው ኪስቶን ቪው ካምፓኒ የተመሠረተው በ1892 ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ 6፣ ፒትስበርግ አጠገብ ሆምስቴድ ላይ፣ የካርኔጊ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ከፒንከርተን ቅጥር ዘበኞች ጋር ተታኮሱ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ማኅበራቸው ተሰበረ። የ12 ሰዓቱ ፈረቃ በአሜሪካ ብረት ፋብሪካዎች እስከ 1923 ቆየ። ሳሎን ቁጭ ብሎ ካርድ ለሚያገላብጠው ግን ዋናው የእሳቱ ግርማ ነበር።

ስለዚህ ጓደኛዬን ምን ብዬ ልውቀሰው? ድሮም የሳሎን ጌጥ ነው። ብቻ አንድ ቀን መሣሪያውን ተዋስንና ካርዱን ከፍሬሙ አውጥተን አየነው። እሳቱ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሰውዬው ወደ እኛ ቀረበ።

«እንዴ፣ ጫማውን አየኸው?» አለኝ።