የሰሜን ሸዋ ጥንታዊ ጉብታ መቃብሮች

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ፣ ከአፈርና ከድንጋይ ተከምረው የተሠሩ ጥንታዊ ጉብታዎች ይገኛሉ። ከሩቅ ሲታዩ ተራ ኮረብታ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ግን ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሕዝብ ታላላቆቹን ቀብሮባቸዋል።

ፈረንሳውያኑ አርኪዮሎጂስቶች ፍራንሷ ግዛቪየ ፎቬልና በርትራን ፑዋሶኒዬ መሻለ ማርያምን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ቁፋሮ አካሂደው፣ ውጤቱን በ2012 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። ለዚህ ጥንታዊ ባህል በአካባቢው በሚፈሰው ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» የሚል መጠሪያ ሰጥተውታል።

ከተቆፈሩት መካከል አንዱ ጉብታ በድንጋይ የታነጸ የመቃብር ክፍልና ወደ ክፍሉ የሚያስገባ መተላለፊያ አለው። በውስጡም የብዙ ሰዎች አጽም፣ የሸክላ ዕቃና በርካታ የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቷል። ሙታን ከነጌጣቸው መቀበራቸው ባህሉ ከክርስትናም ከእስልምናም የአቀባበር ሥርዓት የተለየ እንደነበር ያሳያል።

ጉብታዎቹ ስለ ሥልጣን ሁለት ነገር ይናገራሉ። የመጀመሪያው ጉልበት ነው። ያን ያህል ድንጋይና አፈር ለማጓጓዝና ለመከመር ብዙ ሰው ጠርቶ የሚያሰማራ፣ ቃሉ የሚሰማ ወገን መኖር አለበት። ሁለተኛው ሀብት ነው። ዶቃው እስከ ሕንድ ውቅያኖስ በሚዘልቀው የንግድ መስመር የመጣ በመሆኑ፣ የደጋው ባላባቶች ከሩቅ አገር ዕቃ የሚያስመጡበት አቅምና ግንኙነት ነበራቸው።

በዚያው ዘመን በስካንዲኔቪያም ተመሳሳይ ታሪክ ታይቷል። በዴንማርክ የሊንግ በተባለው ስፍራ ካሉት ሁለት ታላላቅ ጉብታዎች አንዱ የንጉሥ ጎርም መቃብር እንደነበር ይታመናል። ልጁ ሃራልድ ክርስትናን ተቀብሎ፣ ዴንማርካውያንን ክርስቲያን ማድረጉን በጉብታዎቹ መካከል ባቆመው ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። በሸዋም የጉብታ መቃብር ልማድ ያበቃው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቲያኑ መንግሥት በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ኃይሉን ሲያሰፋ ነበር።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሃራልድ ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ ቀርቷል፤ የሸዋ ጉብታ ባለቤቶች ግን ስማቸውን የሚነግር ጽሑፍ አልተዉም። ዜና መዋዕልና ገድል የተጻፈው በክርስቲያኑ ወገን ስለሆነ፣ እነሱ ራሳቸው የተዉት ምስክር መቃብራቸው ብቻ ነው። ድንጋዩ ለአጥር ከተወሰደ፣ አፈሩ ከታረሰ ወይም ውስጡ ለጌጥ ፍለጋ ከተቆፈረ፣ ያ ምስክርነት ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉብታ በማሳው ያገኘ ገበሬም ሆነ መንገድ የሚቀድ ተቋራጭ ሳይነካው ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባዋል።