ነጻ ማውጣት ወይስ መልቀቅ?

ጅዳ ውስጥ የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚማሩ ሐበሾች «ሜሞሪውን ፍሪ አድርገው» ይባባላሉ። ዐረብኛው ይህንኑ «ተሕሪር» ይለዋል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትም በዚሁ ቃል ይጠራል። መካ ላይ በባርነት ሲሠቃዩ አቡበክር ገዝተው ነጻ ያወጧቸውን፣ በእናታቸው ሐበሻ የሆኑትን ቢላልን ለሚያስታውስ ሰው ቃሉ ክብር አለው። ብዙዎች ወደ አማርኛ ሲመልሱት «ነጻ ማውጣት» ቢሉ አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ግን «ነጻ» ከግእዙ «ነጽሐ» ጋር ተዛምዶ ንጽሕናንም መናገሩ ነው። ፍሪ አያነጻም። ማሎክ በተባለው ትእዛዝ ከሜሞሪ የተወሰደውን ቦታ ለሌላ ሥራ እንዲውል ይመልሳል እንጂ ውስጡን አይጠርግም፤ የይለፍ ቃል ከነበረበት እዚያው ሊቀር ይችላል። ወደ ቦታው የሚያመለክተው ፖይንተርም የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ «መልቀቅ»ን እመርጣለሁ። ተከራይ ቤት ሲለቅ ቤቱ አይፈርስም፤ የመግባት መብቱ ግን ያበቃል። ቃሉ ጥንቃቄውንም ያስተምራል። ሊንክድ ሊስትን፣ ማለትም እያንዳንዱ ኖድ የቀጣዩን አድራሻ የሚይዝበትን ሰንሰለት፣ ስንለቅ አንዱን ኖድ ከመልቀቃችን በፊት የቀጣዩን አድራሻ ለብቻው እንይዛለን፤ ከለቀቁት ቦታ ማንበብ አይፈቀድምና። አንዴ የለቀቁትን ደግሞ መልቀቅም ፕሮግራሙን ያበላሻል። ፖይንተሩን ወዲያው «ነል» (የትም የማያመለክት) ማድረግ ይረዳል፤ ነልን መልቀቅ ምንም ጉዳት የለውም። ምስጢር ያለበትን ቦታ ደግሞ መጀመሪያ እናንጻው፣ ቀጥሎ እንልቀቀው። ሥራው ሁለት ነውና ቃሉም ሁለት ይሁን።