የቤት ደንብ በሰንጠረዥ

የቤት ደንብ ተጫዋቾች በአንድ ጨዋታ የታወቀ ሕግ ላይ ተስማምተው የሚጨምሩት ወይም ከሕጉ የሚቀንሱት ውል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንዱ መሣሪያ ከሌሎቹ በልጦ ጨዋታውን እንዳይውጠው ልጓም ለማበጀት ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ጉልህ ምሳሌ ሰንጠረዥ፣ ማለትም በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ ይዘወተር የነበረው አገርኛ ቼዝ ነው።

ጨዋታው በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ ይታወቅ ነበር፤ ንጉሡ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር መጫወታቸው ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግሬውን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ደግሞ ሥርዓቱን በዝርዝር ጽፏል።

ገበታው ባለ 64 ቤት ቀይ ጨርቅ ሲሆን ቤቶቹ የሚለዩት በላዩ በተዘረጉ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመሮች ነው። በየወገኑ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል (ሳባም ይባላል)፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር (የዛሬው ቼዝ ሩክ) እና ስምንት መደቅ (ወታደር) ይሰለፋሉ። የአንዱ ንጉሥ ፊት ለፊት የሚቆመው የሌላው ፈርዝ ነው። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘልሎ ያርፋል። በዚህ የተነሣ ረጅም ክንድ ያላቸው ደርና ፈረስ ብቻ ናቸው፤ ደንቦቹም በዋናነት የሚጠነክሩት በእነሱ ላይ ነው።

ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳል። ዓይን ግን ከባላጋራው እጅ አይነሣም፤ እሱ አንድ በር ሲከፍት ይህኛው አሰላለፉን ይለውጣል፣ አስቀድሞ ያደረገውንም መልሶ ያስተካክላል። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላ ቅጽበት ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ስለዚህ መቼ እንደሚበላ መወሰን ራሱ ትልቅ ብልሃት ነው፤ የሚበላው ሰው ባላጋራው ሰልፉን ገና ሳይጨርስ ሊያስቆመው ይችላልና። የቼዝን የታወቀ አከፋፈት በቃል ላጠና ሰው ይህ ሥርዓት ምንም መደገፊያ አይሰጠውም፤ የሰንጠረዥ ታላቅ ውበትም እዚህ ላይ ነው።

አጨራረሱም የራሱ ክብር ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን መሸሻ ማሳጣት ድል ቢሆንም ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይታይ ነበር። በፊል ወይም በፈርዝ መጨረስ ይሻላል፤ በመደቅ፣ በተለይም መደቆችን አቀናጅቶ መጨረስ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚመሰገን ነበር። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይማረክም፤ ጨዋታው በእኩል ይለያያል። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረ ደግሞ አሸናፊ ለመሆን የሚሻው ወገን ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሷ በፊት መጨረስ አለበት። በኃይል ብዛት የመጣ ድል በችኩልነትና ያለ ልክ እንዳይገፋ ይህን ያህል የታሰበበት ሕግ በጨዋታ ዓለም ብዙ አይገኝም።

ሌላው አገርኛ ጨዋታ ገበጣም በየአካባቢው ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ከመዘገባቸው ዓይነቶች መካከል በደቡብ ኢትዮጵያ ኮንሶዎች የሚጫወቱት ላምላሜታ ይገኝበታል፤ በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ጉድጓድ አለው። ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ ደግሞ የአፍሪካ ቀንድ መለያ ነው።

ከሰንጠረዥ ጋር ተመሳሳይ ልጓም በዘመናችን በሚታወቀው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ፣ በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ይታያል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ይህ ጨዋታ አስማታዊ ሰይፍ፣ ቀለበትና የፈውስ መድኃኒት ለተጫዋች ያስታጥቃል፤ አጠቃቀማቸውንም ዳኛውና ተጫዋቾቹ በየገበታቸው እየተስማሙ ያሻሽላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛ እትም አንድ ገጸ ባሕርይ ኃይላቸው ከባለቤቱ ጋር መተሳሰርን ከሚጠይቅ ዕቃዎች ከሦስት በላይ እንዳይተሳሰር ከለከለ። በዚያው እትም መድኃኒት መጠጣት የተጫዋቹን ዋና እርምጃ ይወስድበት ስለነበር፣ የቆሰለ ሰው ከመፈወስና ከመዋጋት አንዱን መምረጥ ነበረበት። ብዙ ቡድኖች ይህ ከበዳቸውና መጠጣቱን ቀላል ተጨማሪ እርምጃ አድርገው ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የደንብ መጽሐፍ ይህንኑ አሠራር ይፋዊ ሕግ አደረገው።