ራሱን የሚሻገር ባቡር

ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ በካሊፎርኒያው የተሃቻፒ ተራራ ላይ ካሜራቸውን ደግነው ረጅም የጭነት ባቡር የሚጠብቁ ሰዎች አይጠፉም። ባቡሩ ዳገቱን እያቃሰተ ይመጣና ወደ ዋሻ ይገባል። ከዋሻው ወጥቶ አንዲት ጉብታ ይዞራል። ዙሩን ሲጨርስ ሐዲዱ የሚያሳልፈው ቀድሞ በገባበት ዋሻ አናት ላይ ነው። የባቡሩ ርዝመት ከ1,200 ሜትር ከበለጠ፣ የፊተኛው ሞተር ከላይ ሲያልፍ የኋለኞቹ ፉርጎዎች ገና ከሥሩ ወደ ዋሻው እየገቡ ይሆናሉ። ባቡሩ ራሱን ተሻገረ ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ መጠማዘዝ ምክንያቱ የብረት ጠባይ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ እምብዛም ስለማይፋተግ አንድ ባቡር በሺዎች ቶን የሚቆጠር ጭነት በትንሽ ጉልበት ይጎትታል። ይኸው ልስላሴ ግን ዳገት ላይ ጠላት ይሆንበታል። መኪና ሳይቸገር የሚወጣው አቀበት ላይ የባቡር ጎማ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሐዲድ መሐንዲስ በየ100 ሜትሩ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ ላለማለት ይጨነቃል። ተራራው ከዚያ በላይ ከጠየቀው ያለው መላ መንገዱን ማስረዘም ነው፤ ቦታ ከጠበበበት ደግሞ መንገዱን እንደ ቀለበት ያዞረዋል።

በተሃቻፒ ይህን ያደረገው የሳውዘርን ፓሲፊክ ኩባንያ መሐንዲስ ዊልያም ሁድ ነው። በ1876 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጠናቀቀው ቀለበት ርዝመቱ 1,150 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባቡሩን 23 ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ተራራውን በዶማ፣ በአካፋና በባሩድ የፈለጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ። ዛሬ የሚነሡት በርካታ ፎቶዎች የሞተሮቹን ቀለምና የኮረብታውን ወርቃማ ሣር ሲያሳዩ የእነዚያን ሰዎች ድካም አያሳዩም። ይህን ቦታ በፎቶ የሚያይ ሰው ግን ሊያስባቸው ይገባል።

ተሃቻፒ አንድ እንግዳ ነገር አለው። ከ1971 ወዲህ መደበኛ የመንገደኛ ባቡር አያልፍበትም፤ መስመሩ የጭነት ነው። በባሕር ዳርቻ በኩል ያለው መስመር ሲዘጋ መንገደኞችን የያዘ ባቡር አልፎ አልፎ በዚያ በኩል ይላካል እንጂ፣ ትኬት ገዝተው በፈለጉት ቀን ቀለበቱን መዞር አይቻልም። በዓለም ላይ ከታወቁት የሐዲድ ቀለበቶች አንዱን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በፎቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ቢሳፈርበትም ብዙ አይታየውም ነበር። ውስጡ ላለ ሰው ቀለበት ማለት ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚታጠፍ መንገድ ነው። ቅርጹ የሚገለጠው ከሐዲዱ ርቆ፣ ከፍ ብሎ ለቆመ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት የሐዲድ ቀለበቶች ታሪክ ከመሐንዲሶቹ እኩል የፎቶ አንሺዎች ታሪክ ነው። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በኮሎራዶ ያለው የጆርጅታውን ቀለበት ነው።

ጆርጅታውን ከዴንቨር በስተምዕራብ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች የብር ማዕድን ከተማ ነች። ባለ ጠባብ ሐዲድ ባቡር በ1877 ደረሰላት። ከእሷ በላይ ሌላዋ የማዕድን ከተማ ሲልቨር ፕሉም አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 3.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የከፍታ ልዩነታቸው ግን 195 ሜትር ይደርሳል። ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር መውጣት ነበረበት። ሸለቆው ደግሞ መስመሩን በሰፊው ለማዞር የሚሆን ቦታ አልነበረውም። መሐንዲሶቹ መስመሩን ወዲያና ወዲህ አጣጥፈው፣ የሸለቆውን ወንዝ አራት ጊዜ አሻግረው፣ በመጨረሻም በራሱ ላይ አሳልፈው ወደ 7.2 ኪሎ ሜትር አስረዘሙት። የሁሉ ቁንጮ 91 ሜትር ርዝመትና 29 ሜትር ከፍታ ያለው ቀጭን የብረት ድልድይ ነበር።

ድልድዩ ሲተከል የሚያሳፍር ስሕተት ተፈጽሞ ነበር። በሰሜን ጫፍ መቆም የነበረባቸው ምሰሶዎች በደቡብ፣ የደቡቦቹም በሰሜን ቆመው ተገኙ፤ የብረት ማያያዣዎቹም ሥራ ደካማ ነበር። የባቡር ኩባንያው አልረከብም አለ፤ ድልድዩ ፈርሶ እንደገና ተተከለ። መስመሩ ሲልቨር ፕሉም የደረሰው በ1884 ነው። ዓላማው ተራራውን ተሻግሮ ሊድቪል ወደተባለችው ሀብታም የማዕድን ከተማ መድረስ ነበር፤ ሆኖም ሊድቪልን ሳያይ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆመ። በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ የማዕድኑም ተስፋ ደበዘዘ።

ቀለበቱን በሕይወት ያቆየው ጎብኚ ነው። ጎብኚውን የጠራው ደግሞ ፎቶግራፍ ነበር።

ከፎቶ አንሺዎቹ ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ነው። በ1843 የተወለደው ጃክሰን በ1871 በየሎስቶን ያነሣቸው ፎቶዎች የአሜሪካን ምክር ቤት አባላት አስደንቀው፣ በተከታዩ ዓመት ቦታው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ረድተዋል። በ1879 ዴንቨር ገብቶ ስቱዲዮ ከከፈተ በኋላ የባቡር ኩባንያዎች መስመሮቻቸውን እንዲያነሣላቸው ያሠሩት ጀመር። ያኔ ፎቶን አጉልቶ ማተም አስቸጋሪ ስለነበር ትልቅ ሥዕል የፈለገ ሰው ትልቅ ካሜራ መሸከም ነበረበት። ጃክሰን ለተራራ መልክዓ ምድር ይጠቀምባቸው ከነበሩት የመስታወት ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ 46 በ56 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። ያንን መስታወት ሳይሰበር ገደል ላይ ማውጣትና ማውረድ ብቻውን አንድ ሥራ ነው።

በጆርጅታውን ሥዕሎች ውስጥ ትልቁ ብልኀት ፎቶ አንሺው የቆመበት ቦታ ነው። ከሐዲዱ ርቆ ወደ ተራራው ጎን ወጥቷል። ከዚያ ሲታይ የታችኛው ሐዲድ፣ ወንዙና ከበላያቸው የተጋደመው ድልድይ በአንድ ሥዕል ይገባሉ። ባቡሩ በዚያ ሸለቆ ውስጥ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ፣ ድልድዩም ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ያን ጊዜ ይታያል። በድልድዩ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮቱ የሚያየው ገደሉን ብቻ ነበር።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ጃክሰን የመስታወት ክምችቱን ይዞ በዲትሮይት ከሚገኝ የኅትመት ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ። ኩባንያው ፎቶክሮም የተባለውን ጥበብ በአሜሪካ የመጠቀም መብት ነበረው። በዙሪክ የአንድ ማተሚያ ቤት ባልደረባ የነበረው ሃንስ ያኮብ ሽሚድ በፈለሰፈው በዚህ ዘዴ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በተለያዩ የድንጋይ ማተሚያዎች እየተላለፈ ቀለም ይለብሳል። የጆርጅታውን ቀለበትም በዚህ መንገድ አረንጓዴ ተራራና ሰማያዊ ሰማይ አግኝቶ በሥዕልና በፖስት ካርድ ተበተነ። ቀለሙ ካሜራው ያየው አልነበረም፤ ሰውን ግን ከቤቱ አስነሥቶ ከዴንቨር ባቡር ላይ አሳፍሯል።

መኪና ሲመጣ ባቡሩ ተሸነፈ። በ1939 መስመሩ ተነቀለ፤ ያ ዝነኛ ድልድይም ለቁርጥራጭ ብረት በ450 ዶላር ተሸጠ። ጃክሰን ይህ ሲሆን በሕይወት ነበር፤ ያረፈው በ1942 በ99 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ለ45 ዓመታት የጆርጅታውን ድልድይ የነበረው በፎቶ ውስጥ ብቻ ነው። የኮሎራዶ ታሪክ ማኅበር ሐዲዱን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንደገና አስዘርግቶ፣ አዲሱ ድልድይ በ1984፣ ልክ የመጀመሪያው መስመር በደረሰ በ100 ዓመቱ ተከፈተ። ዛሬ ጎብኚዎች የሚሳፈሩበት ይኸው ነው። አንድ ነገር እንዲህ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ሰዎች እንዲናፍቁት ያደረገውን ሥዕል ውለታ መርሳት አይገባም።

በስዊዘርላንድ ብሩዚዮ ያለው ቀለበት ለፎቶ አንሺ ከሁሉም ይቀላል። በ1908 በተከፈተው የበርኒና መስመር ላይ፣ ባለ 9 ቅስት የድንጋይ ድልድይ በሜዳ ላይ ተጠምዝዞ ባቡሩ ከአንዱ ቅስት ሥር ያልፋል። ዋሻም ኮረብታም አይጋርደውም፤ የዙሩ ሬዲየስ 70 ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ሥዕል ሙሉ በሙሉ ይገባል። መስመሩ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሁሉም ቀለበት ግን ከኮረብታ ላይ አይታይም። ወንዝም ቀለበት ይሠራልና ዓባይን እንውሰድ። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ከባሕር ዳር የሚወጣው ታላቁ ወንዝ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከቦ ወደ ሱዳን ያቀናል። ያዞረው የጮቄ ተራራ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ የጥንት እሳተ ገሞራ መሐሉን ስለያዘ ወንዙ ጥጉን ይዞ ሸለቆውን ቆፈረ። ተከዜም በስሜን ተራሮች ዙሪያ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል።

ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በበቅሎ የገደሉን አፋፍ እየተከተለ፣ በየመልካው እየወረደ የዚህን ዙር ካርታ ለመሙላት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ መጽሐፉ በ1936 ታትሟል። ዛሬ ከሕዋ በሚነሣ አንድ ፎቶ ጣና፣ ጮቄና የዓባይ ሸለቆ አብረው ይታያሉ። ይህ ሥዕል በደብረ ማርቆስም ሆነ በነቀምቴ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ተማሪው በየቀኑ ስሙን የሚጠራው ወንዝ አገሩን እንዴት እንደሚዞር በዓይኑ ያየው ነበር።